የታሪክ መንገድ አንድ ብቻ ነውን? ስለ ካርል ማርክስ የ1859 መቅድምና የ1881 ደብዳቤ የቀረበ ሒስ

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ የታሪካዊ ማቴሪያሊዝም መሠረት ከሆኑት ጽሑፎች ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ መመርመር ነው። አንደኛው ካርል ማርክስ በ1859 በበርሊን ላሳተመው የኢኮኖሚ ሒስ መጽሐፍ የጻፈው መቅድም ነው። ሁለተኛው በ1881 ለአንዲት ሩሲያዊት የላከው አጭር ደብዳቤ ነው። መቅድሙን ብዙ ሰው ያውቀዋል፤ ደብዳቤውን የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። እንደ እኛ አስተያየት መቅድሙ ያለ ደብዳቤው ሲነበብ ወደ ስሕተት ይመራል፤ ደብዳቤውም ቢሆን ሳይመልሰው የተወው ትልቅ ጥያቄ አለ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል እንለምናለን።

ይህን ርእስ የመረጥንበትን ምክንያት ሳንደብቅ እንናገር። እኛ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግን ተማሪዎች ሃይማኖትን የተማርነው በጥያቄና መልስ ነበር። መምህሩ ይጠይቃል፤ ተማሪው መልሱን በቃሉ ይወጣዋል። ወደ ኮሌጅ መጥተን ስለ ኅብረተሰብ ለውጥ በሚደረገው ክርክር በገባን ጊዜ ያንኑ ልማድ በሌላ ልብስ አገኘነው። ከካፒታሊዝም በፊት ምን ነበረ? ፊውዳሊዝም። ከካፒታሊዝም በኋላስ ምን ይመጣል? ሶሻሊዝም። ስለ ምን? የታሪክ ሕግ ስለ ሆነ። የአገራችን ሊቃውንት ግን ንባብን ከትርጓሜ ለይተው ያስተምራሉ፤ ንባቡን የዘለቀ ሁሉ ትርጓሜውን ዐወቀ አይባልም። እኛም እዚህ የምንሻው ትርጓሜውን ነው።

1. መቅድሙ የሚለው

ማርክስ በመቅድሙ የብዙ ዓመት ጥናቱን ጠቅለል አድርጎ ያቀርባል። አሳቡን በራሳችን ቃል እንዲህ ብለን ልናስረዳው እንችላለን። ሰዎች ለኑሯቸው የሚያስፈልገውን ሲያመርቱ ወደው ባልመረጡት ግንኙነት ውስጥ ይገባሉ። አንዱ የመሬት ጌታ ነው፣ ሌላው አራሽ ነው፤ አንዱ ፋብሪካ አለው፣ ሌላው ጉልበቱን ይሸጣል። ይህ የምርት ግንኙነት የሚስማማው በዘመኑ ካሉት የምርት ኃይሎች፣ ማለት ከመሣሪያው፣ ከዕውቀቱና ከሥራው አደረጃጀት ደረጃ ጋራ ነው። ሕግና መንግሥት የሚቆሙት በዚህ መሠረት ላይ ነው፤ የሰዎችም አስተሳሰብ ከዚሁ አይርቅም። የምርት ኃይሎች እያደጉ በሄዱ ጊዜ ግን ቀድሞ ይረዳቸው የነበረው ግንኙነት እግር ብረት ይሆንባቸዋል። ያን ጊዜ የማኅበራዊ አብዮት ዘመን ይከፈታል።

በዚህ ላይ ሁለት ነገር ይጨምራል። አንደኛ፣ ማናቸውም ሥርዐት ሊያሳድጋቸው የሚችላቸው የምርት ኃይሎች ሁሉ ሳያድጉ አይወድቅም፤ አዲሱም ሥርዐት የሚያስፈልጉት ሁኔታዎች በአሮጌው ሆድ ውስጥ ሳይበስሉ አይወለድም። ሁለተኛ፣ በጠቅላላ አነጋገር የእስያ፣ የጥንት፣ የፊውዳልና የዘመናዊው ከበርቴ የአመራረት ስልቶች የዕድገት እርከኖች ሆነው ሊቆጠሩ ይችላሉ።

በጠቅላላ አነጋገር የምትለው ቃል ብዙ ጊዜ ትዘለላለች። ስታሊን በ1938 ባወጣው ስለ ዲያሌክቲካዊና ታሪካዊ ማቴሪያሊዝም በሚናገረው ጽሑፍ እርከኖቹ አምስት ሆነው ተደረደሩ፤ እነርሱም የጥንቱ የጋራ ኑሮ፣ የባርነት፣ የፊውዳል፣ የካፒታሊስትና የሶሻሊስት ናቸው። የእስያው ስልት ከዝርዝሩ ወጣ። ማርክስ በጥንቃቄ የተናገረው በዚህ አኳኋን በዓለም ዙሪያ የሚሸመደድ ዝርዝር ሆነ።

ሌላም ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። በ1848 የወጣው የኮሙኒስት ማኒፌስቶ ታሪክን ሁሉ የመደቦች ትግል አድርጎ ያቀርባል። የመቅድሙ ዋና አንቀጽ ግን የመደብ ትግልን በስሙ አይጠራም። አንዳንድ ሊቃውንት ይህን የፕሩሲያን የሳንሱር ሹማምንት ከመፍራት የመጣ ነው ይሉታል። ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን ውጤቱ ግልጽ ነው። መቅድሙን ብቻ ያነበበ ሰው ታሪክን የሚያንቀሳቅሰው መሣሪያና ግንኙነት እንጂ ሰው አይደለም ብሎ ሊያምን ይችላል።

2. አንድ ወረርሽኝ፣ ሁለት ውጤት

መቅድሙ ከሁሉ ይልቅ ይጸናል የሚባለው ከፊውዳሊዝም ወደ ካፒታሊዝም የተደረገውን ለውጥ ሲያስረዳ ነው። እንግዲህ በዚሁ በጠንካራው በኩል እንፈትነው።

ከ1347 ጀምሮ ታላቁ ወረርሽኝ አውሮፓን መታ፤ ከሕዝቧም ቢያንስ ሢሶውን እንዳጠፋ ይገመታል። ሠራተኛ ጠፋ፤ መሬት ተረፈ። በእንግሊዝ አገር የመሬት ጌቶች በ1351 በወጣ ሕግ ደመወዝ ከፍ እንዳይል ለማገድ ሞከሩ። ነገር ግን በሚከተሉት መቶ ዓመታት ገበሬው ከጌታው መሬት ጋራ ታስሮ የሚኖርበት ሥርዐት እየላላ ሄዶ ጠፋ። ከኤልብ ወንዝ በስተ ምሥራቅ፣ በፕሩሲያና በፖላንድ፣ ነገሩ የተገላቢጦሽ ሆነ። በዚያ ያሉት ጌቶች የጎደላቸውን ሠራተኛ ያገኙት ቀድሞ ይበልጥ ነጻ የነበረውን ገበሬ ከመሬቱ ጋራ በማሰር ነው።

ሮበርት ብሬነር የተባለው አሜሪካዊ የታሪክ ምሁር በ1976 ባወጣው ጽሑፍ ይህን ልዩነት የክርክሩ ማዕከል አደረገው። በሁለቱም በኩል የነበረው እርሻ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነበር፤ የሕዝቡም ቁጥር በሁለቱም በኩል ቀንሷል። ስለዚህ ለልዩነቱ የማረሻው ደረጃ መልስ አይሆንም። ብሬነር መልሱን ያገኘው በመንደሩ ውስጥ ነው። ገበሬዎች ተባብረው ጌታቸውን የመቋቋም ልማድና ድርጅት በነበራቸው ቦታ ጌታው አልቻላቸውም፤ ይህ ባልነበረበት ቦታ ግን ተሸነፉ።

በሌላው ወገን ጄራልድ ኮኸን በ1978 ባሳተመው መጽሐፍ መቅድሙን በብርቱ ተከላክሏል። እንደ እርሱ አነጋገር አንድ የምርት ግንኙነት ጸንቶ የሚቆየው ለምርት ኃይሎች ዕድገት ስለሚመች ነው። ኮኸን የመቅድሙን አሳብ ከማንም ይልቅ ጥርት አድርጎ እንዳስረዳ አንክድም። ነገር ግን የሚመቸው ግንኙነት በምን መንገድና በማን እጅ ተመርጦ እንደሚጸና የሚያሳየው ክፍል ደካማ ሆኖ ይታየናል። ዝናም ለሰብል ይመቻል፤ ስለሚመች ብቻ ግን አይዘንምም። በፖላንድ የነበረው ገበሬ ለምርት ዕድገት የማይመች ቀንበር ለብዙ ትውልድ ተሸክሟል።

3. ከጄኔቭ የመጣው ጥያቄ

ማርክስ ራሱ አሳቡ እንዴት እንደሚነበብ ለማየት ዕድል አግኝቷል። ካፒታል የተባለው መጽሐፉ የመጀመሪያ ክፍል በ1867 በጀርመንኛ ታተመ፤ መጀመሪያ የተተረጐመውም በ1872 ወደ ሩስኛ ነው። የዛሩ መንግሥት ሳንሱር መጽሐፉ ከባድ ስለ ሆነ ብዙ ሰው አያነበውም ብሎ አሳለፈው። የሩሲያ ወጣቶች ግን አነበቡት፤ ስለ አገራቸውም ጥያቄ አነሡ።

የዚያን ጊዜ የሩሲያ ገበሬ በአብዛኛው የሚኖረው ሚር ወይም ኦብሽቺና በተባለ የመንደር ማኅበር ውስጥ ነበር። የእርሻው መሬት የማኅበሩ ነው፤ በብዙ ቦታም እንደ ቤተሰቡ ብዛት በየጊዜው እንደ ገና ይከፋፈላል። ቤቱና የጓሮው አትክልት ግን የየቤተሰቡ ነው። በ1861 ገበሬው ከጌቶቹ ባለቤትነት ነጻ ሲወጣ ለተሰጠው መሬት በ49 ዓመት የሚጠናቀቅ ክፍያ ተጣለበት፤ ለዕዳውም ማኅበሩ ባንድነት ተጠያቂ ሆነ።

ቬራ ዛሱሊች በ1878 የፒተርስቡርግን አገረ ገዢ ጄኔራል ትሬፖቭን አንድ እስረኛ በማስገረፉ ምክንያት በሽጉጥ አቁስላ፣ ለፍርድ ቀርባ፣ በነጻ የተለቀቀች ሴት ናት። ከዚያም ወደ ውጭ አገር ተሰዳ በየካቲት 1881 ከጄኔቭ ለማርክስ ጻፈች። ጥያቄዋ የሞትና የሕይወት ጥያቄ ነበር። የመንደሩ ማኅበር ወደ ሶሻሊዝም ሊያድግ የሚችል ከሆነ አብዮተኛው ኃይሉን ሁሉ ለእርሱ ነጻነት ማዋል ይገባዋል። በታሪክ ሕግ ሊጠፋ የተፈረደበት ከሆነ ግን የሚቀረው ገበሬው መሬቱን የሚያጣበትን ዘመን ቍጭ ብሎ መቍጠር ነው። የእርስዎ ደቀ መዛሙርት ነን የሚሉት ሰዎች ሁለተኛውን ይሉናልና እርስዎ ምን ይላሉ? የሚል ነበር የጥያቄዋ ፍሬ ነገር።

ማርክስ ብዙ ረቂቅ ጽፎ፣ ደጋግሞ ሰርዞ፣ በመጨረሻ በመጋቢት 1881 የላከላት መልስ በጣም አጭር ነው። በካፒታል የተነገረው የለውጥ መንገድ ለምዕራብ አውሮፓ አገሮች ብቻ የተወሰነ መሆኑን ገለጸ። በዚያ አንዱ የግል ሀብት ዓይነት በሌላ የግል ሀብት ዓይነት ተተካ፤ በሩሲያ ግን የጋራው ሀብት ወደ ግል ሊለወጥ ነው። ስለዚህ መጽሐፉ ማኅበሩ ይጠፋል ወይም አይጠፋም ለሚል ክርክር ማስረጃ አይሆንም። እርሱ ራሱ ሩስኛ ተምሮ ባደረገው ጥናት ማኅበሩ ለሩሲያ መታደስ መነሻ ሊሆን እንደሚችል አምኗል፤ ይህ የሚሆነው ግን ከየአቅጣጫው የሚጫነው ነገር ሲነሣለት ነው።

ረቂቆቹ ከደብዳቤው ይልቅ ብዙ ይናገራሉ። በእነርሱ ውስጥ ማርክስ ማኅበሩ በውስጡ ሁለት ባሕርይ እንዳለው፣ የጋራው መሬት ወደ አንዱ፣ የግሉ ቤትና ከብት ወደ ሌላው እንደሚስበው፣ የትኛው እንደሚያሸንፍም የሚወስነው ያለበት ሁኔታ መሆኑን ያስረዳል። ማኅበሩ በምዕራብ ካለው ኢንዱስትሪ ጋራ በአንድ ዘመን ስለሚኖር፣ ካፒታሊዝም ያፈራውን ጥቅም መከራውን ሳይቀበል ሊወስድ ይችላል ይላል። እነዚህን ረቂቆች ዳቪድ ሪያዛኖቭ በ1911 አግኝቶ ያሳተማቸው በ1924 ነው። ከ40 ዓመት በላይ የማርክስ ተከታዮች የተከራከሩት እርሱ የጻፈውን ሳያዩ ነው ማለት ነው።

4. በደብዳቤው ላይ ያለን ነቀፌታ

ደብዳቤው መቅድሙን ከዝርዝርነት ያድነዋል። ነገር ግን ሦስት ጉድለት እናይበታለን።

አንደኛው፣ ማርክስ ማኅበሩን በአብዛኛው ከጥንት ዘመን የተረፈ የጋራ ኑሮ አድርጎ ማየቱ ነው። ቦሪስ ቺቸሪን የተባለው ሩሲያዊ ምሁር ግን ገና በ1850ዎቹ በሩሲያ የሚታየው የመሬት ክፍፍል በመንግሥት ግብር ምክንያት የጸና ነው ብሎ ተከራክሯል። ክርክሩ እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ ባይዘጋም፣ ማኅበሩ ለግብር ሰብሳቢው የሚመች መሣሪያ እንደ ነበረ አይካድም። ስለዚህ የጫነውን ነገር ማንሣት ማለት ማኅበሩን ካቆሙት ምሰሶዎች አንዱን ማንሣት ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው፣ በመንደሩ ጉባኤ የሚናገረው በአብዛኛው የቤቱ አባወራ ነበር። ሴቶችና ከአባታቸው ቤት ያልወጡ ጎልማሶች ድምፅ አልነበራቸውም ለማለት ይቻላል። ማርክስ ስለ ጋራው ሀብት ሲያስብ በጋራው ውስጥ ማን እንደሚያዝ ብዙ አልጠየቀም።

ሦስተኛውና ዋናው፣ ገበሬው ራሱ ምን እንደሚፈልግ አለመጠየቁ ነው። በ1874 ብዙ የሩሲያ ተማሪዎች ትምህርታቸውን ትተው፣ የገበሬ ልብስ ለብሰው ወደ መንደር ወረዱ። ገበሬው እንደ ጠበቁት አልተቀበላቸውም፤ መንግሥትም ብዙዎቹን አሰራቸው። ዛሱሊች ማርክስን ስትጠይቅ፣ ማርክስም ሲመልስ፣ ሁለት የተማሩ ሰዎች ስለ ሦስተኛው ሰው መነጋገራቸው ነበር።

ቀጥሎ የሆነው ይህን ያረጋግጣል። ማርክስና ኤንግልስ በ1882 ለማኒፌስቶ የሩስኛ እትም በጻፉት መቅድም ማኅበሩ የሚድነው የሩሲያ አብዮት ከምዕራቡ ሠራተኛ አብዮት ጋራ ሲደጋገፍ ነው አሉ። ሌኒን በ1899 ባሳተመው መጽሐፍ ካፒታሊዝም በሩሲያ መንደር ውስጥ ገብቶ ገበሬውን ባለጸጋና ድኻ አድርጎ እየለየው መሆኑን በቁጥር አስረዳ። ጠቅላይ ሚኒስትር ስቶሊፒን በ1906 ባወጣው ደንብ ገበሬው ከማኅበሩ ወጥቶ መሬቱን የግሉ እንዲያደርግ ተፈቀደለት። በ1917 ግን ገበሬዎች የጌቶችን መሬት ሲካፈሉ ተለይተው የወጡትን ብዙዎቹን ወደ ማኅበሩ መለሱ። ይጠፋል የተባለው ማኅበር እንደ ገና በረታ። ፍጻሜውን ያገኘው ከ1929 እስከ 1930 በተደረገው የግዳጅ የኅብረት እርሻ ዘመቻ ነው። እንግዲህ ማኅበሩን የገደለው የካፒታሊዝም ገበያ ሳይሆን በማርክስ ስም የሚናገር መንግሥት ነው።

5. ከካፒታሊዝም ወዲያ

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። መቅድሙ አዲሱ ሥርዐት በአሮጌው ሆድ ይበስላል ይላል። ይህ ለከበርቴው መደብ ይስማማል። በ1789 የፈረንሳይ አብዮት ሲፈነዳ ከበርቴው ሱቅ፣ መርከብ፣ ገንዘብና ትምህርት ነበረው፤ የጎደለው ሥልጣን ነው። ሠራተኛው ግን በማርክስ በራሱ አነጋገር ከጉልበቱ በቀር የሚሸጠው የሌለው ሰው ነው። ታዲያ በካፒታሊዝም ሆድ ውስጥ የሚበስለው ምንድን ነው?

ማርክስ ለዚህ መልስ መፈለጉን ኤንግልስ በ1894 ካሳተመው የካፒታል ሦስተኛ ክፍል እናያለን። በዚያ ሁለት ነገሮችን ያመለክታል፤ የአክሲዮን ማኅበርንና የሠራተኞች የኅብረት ፋብሪካን። በአክሲዮን ማኅበር ባለገንዘቡ ከሥራው አመራር ይለያል፤ በኅብረት ፋብሪካ ሠራተኞች ራሳቸው የሥራው ጌቶች ይሆናሉ። በዚያው በእንግሊዝ አገር በ1844 በሮችዴል ከተማ 28 ሰዎች ያቋቋሙት የሸማቾች ማኅበር የኅብረት ሥራ ደንብ ምሳሌ ሆኗል። በስፔን የባስክ አገርም በሞንድራጎን በ1956 የተጀመረው የሠራተኞች ኅብረት በብዙ ሺሕ የሚቈጠሩ ባለ ድርሻ ሠራተኞች ያሉበት ሆኖ አድጓል። ነገር ግን እነዚህ ሁሉ የሚኖሩት በገበያው ውድድር ውስጥ ነው፤ ገበያው ሲጨክን እነርሱም ይጨክናሉ። ዘሩ አለ፤ ዛፍ መሆኑ ግን በዘሩ ብቻ አይወሰንም።

ከሁሉ የሚከብደን ነቀፌታ ይህ ነው። በ1917 በሩሲያ አብዮት ሲነሣ ኢጣሊያዊው ግራምሺ አብዮቱ የተደረገው በካፒታል መጽሐፍ ላይ ጭምር ነው ብሎ ጻፈ፤ መጽሐፉን እንደ ዝርዝር ያነበቡት ሁሉ በሩሲያ ገና ጊዜው አልደረሰም ይሉ ነበርና። በ1991 ሶቪየት ኅብረት በፈረሰች ጊዜ ደግሞ ብዙዎች መቅድሙን ገልጠው፣ አላልንም ወይ፣ ሁኔታው ሳይበስል ነበር አሉ። አንድ ሥርዐት ሲወድቅ በስሎ ነበር፣ ተመልሶ ሲመጣ አልበሰለም ነበር ከተባለ፣ መብሰሉን አስቀድመን የምናውቅበት መለኪያ የት አለ? ሐኪም በሽተኛው ሲሞት በሽታው የሚገድል ነበር፣ ሲድን የማይገድል ነበር ቢለን ምንም አላስተማረንም። መቅድሙ መለኪያውን ሳይሰጥ ፍርዱን ብቻ ሰጥቷል።

6. ለእኛ የሚቀረው

ይህ ጥያቄ የሩቅ አገር ጥያቄ ብቻ አይደለም። በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መሬት ለአራሹ ብለው ሰልፍ ሲወጡ ያነሡት ጉዳይ እውነተኛ ነበር። በደቡብ ጭሰኛው ከምርቱ ከፍ ያለ ድርሻ ለባለመሬቱ ይሰጥ ነበር። በጎጃምና በጎንደር ብዙው ገበሬ በአያት በቅድመ አያቱ በኩል የሚቈጥረው ርስት ነበረው፤ አለን ሆበን በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ ክርክሩም ሁሉ በዚህ የትውልድ ቈጠራ ላይ ነበር። ይህ ርስት የሩሲያው ሚር አይደለም፤ የደቡቡ ጭሰኝነትም አይደለም። ሁለቱ በአንድ ፊውዳሊዝም በሚል ስም ሲጠቃለሉ ልዩነታቸው ጠፋ።

በመጋቢት 1975 የወጣው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ አድርጎ ጭሰኝነትን አስቀረ። ጭሰኛውም ይህን በደስታ ተቀበለ። ከ1979 ጀምሮ ግን መንግሥት ቀጣዩ እርከን ነው ብሎ ገበሬውን ወደ አምራቾች የኅብረት ሥራ ማኅበር መግፋት ጀመረ። በመጋቢት 1990 ቅይጥ ኢኮኖሚ በታወጀ ጊዜ ገበሬዎቹ አብዛኞቹን ማኅበሮች በጥቂት ወራት ውስጥ አፍርሰው በሬውንና መሬቱን ተካፈሉ። በ1975 እና በ1990 የተናገረው ያው ገበሬ ነው። የመጀመሪያውን ድምፁን የሰሙ ሁለተኛውን ለመስማት 15 ዓመት ፈጀባቸው፤ ቀጣዩ እርከን ምን እንደ ሆነ አስቀድመው ያወቁ መስሏቸው ነበርና።

እንግዲህ ታሪካዊ ማቴሪያሊዝምን እንጣለው ማለታችን ነውን? አይደለም። መሬቱ የማን ነው? መሣሪያው የማን ነው? ከምርቱ የሚተርፈውን ማን ይወስዳል? በምን ኃይል? ብሎ መጠየቅን ያስተማረን እርሱ ነው፤ እነዚህን ሳይጠይቅ ስለ ኅብረተሰብ የሚጽፍ ሰው በጭጋግ ውስጥ ይሄዳል። የምንቃወመው ጥያቄዎቹን በመልስ መተካቱን ነው። ማርክስ ዛሱሊችን መጽሐፌ መልስ የለውምና አገሩን አጥኑ ለማለት ደፍሯል። እኛ ደግሞ አንድ ነገር እንጨምራለን፤ አገሩን ስታጠኑ ባለአገሩንም ጠይቁ። ከካፒታሊዝም ወዲያ የሚደረስበት መንገድ ካለ፣ የሚሄዱበት ሰዎች ያልመከሩበት መንገድ እንደማይሆን ሩሲያም አገራችንም አስተምረውናል።

ዕውቀታችን ገና ጅምር ስለ ሆነ፣ በዚህ ጽሑፍ ስሕተት ያገኙ መምህራንና ጓደኞቻችን በሚቀጥለው እትም እንዲያርሙን በትሕትና እንለምናለን።